ሜዳው ሳይኖር ሜዳልያው

አንድ መንግሥት ለወጣቱ ያለውን ክብር ለመመዘን የወጣቶች ፖሊሲውን ማገላበጥ አያስፈልግም። ወደ አንዲት መካከለኛ ከተማ ጎራ ብሎ «እዚህ ከተማ ልጆች የሚሮጡበት ሜዳ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። እኔ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች፣ ከጊንጪ እስከ ባኮ፣ ይህን ጥያቄ ለዓመታት ስጠይቅ ኖሬአለሁ። ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ ተመሳሳይ ነው። ሰዎች እጃቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ ዘርግተው «እዚያ ጋ ነበረ» ይሉኛል። ከሁሉ የምትከብደኝ ይህች «ነበረ» የምትለው ቃል ናት።

አንድ ቀን በክፍል ውስጥ ስለ መንግሥትና ሕዝብ ግንኙነት ስንወያይ፣ ለተማሪዎቼ ከርዕሱ ወጣ ያለ የሚመስል ጥያቄ አቀረብሁላቸው። «ከአምቦ ተነሥቶ የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን የሆነ ሰው አለ። ማን ነው?» ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ፈይሳ ሌሊሳ!» አለ። ከጎኑ ያለችው ተማሪ «ፈይሳ እኮ የጀልዱ ልጅ ነው፤ ያገኘውም የኦሊምፒክ ብር ነው። አይደለም እንዴ፣ ዶክተር?» ብላ አረመችው። ልክ ነበረች። የጠየቅሁትን ሰው ስም ግን አንድም ተማሪ ሊጠራልኝ አልቻለም። ልወቅሳቸው አልችልም፤ እኛ ያልነገርናቸውን ከየት ያምጡት?

ሰውየው ፊጣ ባይሳ ነው። በነሐሴ 1982 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1990) በቡልጋርያዋ ከተማ በፕሎቭዲቭ በተካሄደው የዓለም ወጣቶች አትሌቲክስ ሻምፒዮና ላይ ይህ የአምቦ ልጅ በ17 ዓመቱ የ5 ሺህ ሜትርን ሩጫ አሸንፎ ወርቅ አጠለቀ። በዚያው ሻምፒዮና የአርሲዋ ደራርቱ ቱሉ የ10 ሺህ ሜትርን ወርቅ ወሰደች። ውድድሩ በአቴንስ ከተጀመረ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ያን ጊዜ አገራችን ምን ላይ እንደነበረች ዕድሜው የደረሰ አንባቢ ያስታውሳል። ሰሜኑ በጦርነት ይነድ ነበር፤ ደርግ የመጨረሻ ወራቱን ይቆጥር ነበር፤ የፊጣ እኩዮች የሆኑ ወጣቶች በብሔራዊ ውትድርና ስም ከየገበያውና ከየመንገዱ እየታፈሱ ወደ ግንባር ይጋዙ ነበር። አንዱ የ17 ዓመት ልጅ በቡልጋርያ ሜዳ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሲያሰቅል፣ ሌላው የ17 ዓመት ልጅ ለዚያው ሰንደቅ ዓላማ ወደማያውቀው ጉድጓድ ይወርድ ነበር። ሁለቱም የአንድ አገር ልጆች፣ ምናልባትም የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ።

በዓመቱ፣ ደርግ በወደቀ በሦስት ወሩ፣ ፊጣ በቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና በ5 ሺህ ሜትር ኬንያዊውን ዮቤስ ኦንዲኪን ተከትሎ የብር ሜዳልያ አገኘ። መንግሥት ተለወጠ፤ የልጁ እግር ግን ያው የበፊቱ እግር ነበር። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ የባርሴሎና ኦሊምፒክ መጣ። እኔ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ። ሬድዮ ያላቸው ጎረቤታችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አዛውንት፣ በዝናብ ምክንያት ሬድዮናቸውን ከበረንዳ ወደ ሳሎን አስገብተው የሰፈሩን ልጅ ሁሉ መሬት ላይ ደርድረው ያሰሙን ነበር። ነሐሴ 1 ቀን ደራርቱ የ10 ሺህ ሜትርን ወርቅ ወሰደች። በማግስቱ ተራው የፊጣ ሆነ። በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ጀርመናዊው ዲተር ባውማን ከኋላ ሾልኮ አለፋቸው፤ ኬንያዊው ፖል ቢቶክ ሁለተኛ፣ የእኛው ፊጣ ሦስተኛ ሆነ። በአንደኛውና በሦስተኛው መካከል የነበረው ልዩነት የአንድ ሰከንድ ግማሽ ገደማ ብቻ ነበር። ጋሼ ሬድዮኑን ዘግተው ለረጅም ጊዜ ሳይናገሩ ተቀመጡ።

አገሪቱ ግን በደራርቱ ወርቅ ደስታ ውስጥ ነበረችና ነሐሱን ያስተዋለው ሰው ጥቂት ነው። መደሰቷም ተገቢ ነበር፤ ደራርቱ በዚያ ድል ለኦሊምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆናለችና። ፊጣም ከዚያ በኋላ አልቆመም። በ1985 ዓ.ም. በሽቱትጋርት የዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ ወጣ፤ በ1993 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በሲድኒ ኦሊምፒክ፣ ሚሊዮን ወልዴ ባሸነፈበት የ5 ሺህ ሜትር ፍጻሜ፣ አራተኛ ሆነ። ከፕሎቭዲቭ እስከ ሲድኒ አሥር ዓመት ነው። አንድ የ17 ዓመት ልጅ በወጣቶች ውድድር ላይ ታይቶ፣ ተይዞ፣ ተኮትኩቶ ለአሥር ዓመታት በዓለም የፊት ረድፍ ውስጥ ሊቆይ እንደሚችል አምቦ በራሷ ልጅ አይታለች።

እኛ የሰፈሩ ልጆች ግን የያዝነው ሌላ ነገር ነበር። ከባርሴሎና በኋላ ያለው ክረምት ሲያልቅ ሁላችንም ፊጣ ሆንን። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ደብተራችንን በሆዳችን ሸጉጠን በሜዳው ዙሪያ እንሮጥ ነበር። ስሙን የማልጠቅሰው የዚያ ትምህርት ቤት ሜዳ ሰፊ ነበር፤ ኳስ ተጫዋቹም ሯጩም በግ ጠባቂውም ሳይጋፋ ይውልበት ነበር። ዛሬ የሜዳው ግማሽ በቆርቆሮ አጥር ተከልሎ ለሌላ አገልግሎት ውሏል። መቼ፣ በማን ውሳኔ፣ በምን ያህል ካሳ እንደተወሰደ የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። የትምህርት ቤቱ ጠባቂ «ከላይ ነው የመጣው» ብለው አሰናበቱኝ። «ከላይ» የሚባለው አካል ሜዳ ሲወስድ እንጂ ሜዳ ሲሰጥ አላጋጠመኝም።

እዚህ ላይ አንባቢዬን ለጥቂት ጊዜ ወደ ሩቅ አገር ልውሰድ። ለዶክትሬት ትምህርት ካናዳ በቆየሁባቸው ዓመታት ከሁሉ የገረመኝ ቤተ መጻሕፍቱ ወይም ፓርላማው አልነበረም፤ አይስ ሆኪ የሚባለው ጨዋታቸው ነው። ላላየው ሰው ለማስረዳት አልቸገርም፤ የገና ጨዋታችንን በበረዶ ላይ ማሰብ ይበቃል። ቆልማማው ገና አለ፤ በሩሩ ፋንታ ጠፍጣፋ ክብ ጎማ አለ፤ በባዶ እግር ፋንታ ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ አለ። በእኛ አካባቢ በኦሮምኛ ቂሌ የሚባለውን ይህን ጨዋታ ያየ ሰው የካናዳውን ልጅ ሲያይ ዘመዱን ያገኘ ይመስለዋል። በኩቤክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ በየፌብሩዋሪ ወር የሚካሄድ ዓለም አቀፍ የታዳጊዎች ሆኪ ውድድር አለ። ተጫዋቾቹ የ11 እና የ12 ዓመት ልጆች ናቸው። ከልዩ ልዩ አገር ከመቶ በላይ ቡድኖች ይመጣሉ፤ ብዙዎቹ ልጆች የሚያድሩት በከተማዋ ነዋሪዎች ቤት ነው። በኋላ የዓለም ሆኪ ንጉሥ የተባለው ዌይን ግሬትዝኪ እ.ኤ.አ. በ1974 በዚያ ውድድር ላይ ተጫውቷል።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ውድድሩ ራሱ አልነበረም። ከውድድሩ በስተ ጀርባ ያለው ነገር ነበር። ባለፍሁባቸው ትንንሽ ከተሞች ሁሉ የከተማው አስተዳደር የሚያስተዳድረው የበረዶ ሜዳ አለ። ጎህ ሳይቀድ አባትና እናት ልጃቸውን ይዘው ሲመጡ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ በረዶውን አስተካክሎ ይጠብቃቸዋል። ያ ሁሉ ልጅ ግሬትዝኪ እንደማይሆን ሁሉም ያውቃል። ከሺህ አንዱ ቢሆን ነው። የከተማው ሕዝብ ግብር የሚከፍለው ግን ለ999ኙም ጭምር ነው። አሸናፊው ልጅ ከዚያ የሚገኝ ትርፍ ነው፤ ሜዳው የተሠራው ለልጅነት ነው።

«ካናዳ ሀብታም ናት፤ እኛ ደግሞ መጀመሪያ ዳቦ» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ክርክሩ ሚዛን የሚደፋው ስለ በረዶ ሜዳ ቢሆን ኖሮ ነበር። በረዶን ዓመቱን ሙሉ አርግቶ ማቆየት ማሽን፣ መብራትና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ለሩጫ የሚያስፈልገው ግን የተደለደለ መሬት ነው፤ መሬቱ ደግሞ አለ፣ ነበረም። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ ጀልዱ ከዚያም ከፍ ይላል። ፈረንጆቹ በገንዘባቸው ሊሠሩት የማይችሉትን አየር እግዜር በነጻ ሰጥቶናል። ልጁም፣ አየሩም፣ ዳገቱም ከእኛ ነው። ከመንግሥት የተጠየቀው ሜዳውን እንዳይወስድ ብቻ ነው።

ሜዳ ሰውን ምን ያህል እንደሚሠራው ሌላ ምስክር ልጥራ። በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) በቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወከለች። የወከላት ሮቤል ተክለማርያም በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ሯጭ ነበር። አዲስ አበባ የተወለደ ልጅ ይህን ከየት ተማረው? በልጅነቱ አሜሪካ ሄዶ ሌክ ፕላሲድ በተባለችው፣ የክረምት ኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ ባስተናገደችው ትንሽ ከተማ አካባቢ ተምሯል። በረዶውም መንሸራተቻውም መምህሩም እደጁ ነበሩ። ኢትዮጵያዊ ደም የበረዶ ስፖርት የለውም የሚል ሰው ቢኖር መልሱ ሮቤል ነው። ልጅ የሚሆነው ፊቱ ባለው ሜዳ ልክ ነው።

አሁን ወደ ጀልዱ ልመለስ። መጋቢት 21 ቀን 2000 ዓ.ም. በስኮትላንድ ኤደንብራ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና፣ በወጣቶቹ ሩጫ አንድ የ18 ዓመት የጀልዱ ልጅ 14ኛ ወጣ። ስሙ ፈይሳ ሌሊሳ ነው። በእኛ አገር 14ኛ የወጣ ልጅ ዜና አይሆንም። በአውሮፕላን ማረፊያ አበባ ይዞ የሚጠብቀው የለም። እንዲያውም «ለምን ተላከ?» የሚል አይጠፋም። በሁለት ዓመቱ ግን ያው ልጅ በሮተርዳም ማራቶን 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገባ፤ ዕድሜው 20 ነበር። በ2003 ዓ.ም. በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን ነሐስ አገኘ። በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ ኤሊዩድ ኪፕቾጌን ተከትሎ ብር ወሰደ።

ይህን የምተርከው ስለ 14ኛነት ለመናገር ነው። የወጣቶች ዓለም አቀፍ ውድድር ትልቁ ጥቅሙ መሸነፍ የሚፈቀድበት ቦታ መሆኑ ነው። ልጁ ከኬንያው፣ ከኡጋንዳው፣ ከሞሮኮው እኩያው ጎን ቆሞ የት እንዳለ ያያል፤ ተመልሶ ይሠራል። እኛ ግን የወጣቶችን ውድድር ችግኝ ጣቢያ አድርገን አላየነውም፤ ጎተራ አድርገን ነው የያዝነው። ሜዳልያ ይዞ ለመጣው ልጅ አዳራሽ ይዘጋጃል፤ 14ኛ፣ 20ኛ፣ 40ኛ የወጣው ልጅ ወደ ወረዳው በአውቶቡስ ይሸኛል። ፈይሳ ከእነዚህ መካከል ተርፎ የወጣ ነው። ያልተረፉትን ቆጥሮ የመዘገበ የለም።

ከሪዮው ብር ዘጠኝ ወራት አስቀድሞ በምዕራብ ሸዋ አንድ ነገር ሆኖ ነበር። ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ጊንጪ ተማሪዎች ለተቃውሞ ወጡ። በወቅቱ በስፋት እንደተዘገበው፣ ካስቆጧቸው ነገሮች አንዱ የጭልሞ ደን ለኢንቨስትመንት ሊመነጠር መሆኑ ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ የሚጫወቱበት ሜዳ ተላልፎ መሰጠቱ ነው። በእርግጥ ቁጣው የቆየ ነበር። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ጉዳይ በ2006 ዓ.ም. አምቦን በደም አልብሷት ነበርና ቁስሉ አልሻረም። ይሁን እንጂ ታሪክ ጸሐፊ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባዋል። ተቃውሞው ከጊንጪ ወደ አምቦ፣ ከአምቦ ወደ መላው ኦሮሚያ፣ ከዚያም ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛመተ። በጥር ወር ማስተር ፕላኑ ተሰረዘ። ብዙ መቶ ሰዎች ሞቱ። በ2010 ዓ.ም. የካቲት ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ። የዚህ ሁሉ ማዕበል አንዱ ምንጭ በአንዲት ትንሽ ከተማ ያለ የልጆች ሜዳ ነበር።

ሜዳውን ለመስጠት የፈረመው ሹም ምን አስቦ ይሆን? «ባዶ መሬት ነው» ብሎ እንደሆነ እገምታለሁ። በቢሮክራሲያችን ቋንቋ ልጅ የሚጫወትበት መሬት ባዶ መሬት ነው። ፎቅ ያልተሠራበት፣ ግብር የማይከፈልበት፣ ካርታ ያልወጣለት መሬት ሁሉ ባዶ ነው። ለተማሪው ግን ያ መሬት በከተማው ውስጥ የእኔ ነው የሚለው ብቸኛው ቦታ ነበር። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት የሹሙ ነው፤ ሱቁ የነጋዴው ነው፤ ቤቱ የአባቱ ነው። ሜዳው ብቻ የእርሱ ነው። የገና ጨዋታ በሚያመጣው በዚያ አንድ ቀን እንኳ ጌታና ሎሌ እኩል የሚሆኑት ሜዳ ላይ ነበር። እንዲህ ያለውን ቦታ መንጠቅ ከኪሎ ሜትር ካሬ በላይ ነገር መንጠቅ ነው።

ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ ብዙም የማይርቀው የጀልዱ ልጅ በሪዮ የፍጻሜውን መስመር ሲያቋርጥ እጆቹን ከራሱ በላይ አንሥቶ አጣመረ። ያ ምልክት የት እንደተወለደ ዓለም አያውቅም ነበር፤ አምቦ ግን ታውቀዋለች። ፈይሳ ወደ አገሩ ቢመለስ ሊገደል ወይም ሊታሰር እንደሚችል ለጋዜጠኞች ተናገረ። መንግሥት የጀግና አቀባበል እንደሚያደርግለት ቃል ቢገባም ፈይሳ አላመነውም። ወደ አገሩ የገባው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ይህን ድርጊት ያወገዙም ያሞገሱም አሉ። ስፖርትና ፖለቲካ አይቀላቀሉም የሚሉ ወዳጆቼ ዛሬም ይከራከሩኛል። እኔ የምመልስላቸው አንድ ነገር ነው፤ የጊንጪን ሜዳ ለባለሀብት የሰጠው ሰው ነው አስቀድሞ ያቀላቀላቸው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንድን የገጠር ልጅ ወደ ዓለም ወጣቶች ውድድር የሚያደርሱት ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ሜዳ፣ መምህርና ወረቀት። ሜዳውን አንሥቼዋለሁ። መምህሩን ለማየት ወደ በቆጂ መሄድ ይበቃል። የደራርቱ፣ የቀነኒሳ በቀለና የጥሩነሽ ዲባባ የመጀመሪያ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ፈረንጆች ስለ በቆጂ ውኃና አየር ብዙ ተመራምረዋል፤ ከውኃውና ከአየሩ በፊት ግን አንድ ሰው ሜዳ ላይ ፊሽካ ይዞ በየጠዋቱ ይገኝ ነበር። በምዕራብ ሸዋ የስፖርት መምህር ማለት ብዙ ጊዜ ሌላ ትምህርት ሲጎድል የሚደፈን፣ ምርጫ ሲደርስ ወረቀት የሚቆጥር ሰው ማለት ነው።

ሦስተኛው ወረቀት ነው። የወጣቶች ውድድር የዕድሜ ውድድር ነው፤ ከ20 ዓመት በታች መሆን በማስረጃ ይረጋገጣል። አገራችን የልደት ምዝገባን በመላ አገሪቱ በመደበኛ መልክ የጀመረችው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ የገበሬ ልጅ ዕድሜው «በጠሉ ዓመት»፣ «እገሌ ባገባበት ዓመት» ተብሎ ነው የሚቆጠረው። እንዲህ ያለውን ልጅ ዕድሜውን ዋሽቷል ብሎ መክሰስ ቀላል ነው። መጀመሪያ ግን መወለዱን ያልመዘገበው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ሦስቱም ነገሮች ታላቅ ገንዘብ አይጠይቁም። የምመክረውም ትልቅ ነገር አይደለም። በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶ፣ በባኮና በጎጆ ያሉት የትምህርት ቤት ሜዳዎች ይለኩ፤ በየትምህርት ቤቱ ስም የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ይውጣላቸው፤ ማንም ሹም በአንድ ፊርማ ሊሰጣቸው እንዳይችል ይደረግ። ለየትምህርት ቤቱ አንድ የስፖርት መምህር በሌላ ሥራ ሳይጠመድ ይመደብ። በዓመት አንድ ጊዜ የእነዚህ ከተሞች ወጣቶች እርስ በርስ ይሩጡ፤ 14ኛ የወጣውም ስሙ ይመዝገብ።

ይህ ጉዳይ ለምን አሁን ያስጨንቅሃል የሚለኝ ካለ፣ ምላሼ እነሆ። በምዕራብ ሸዋ ወረዳዎች ባለፉት ዓመታት የመንግሥት ኃይሎችና ታጣቂዎች ሲጋጩ ኖረዋል። የ17 ዓመቱን ልጅ የሚፈልገው ብዙ ነው። አንዱ መሣሪያ ይዞ ይጠራዋል፤ ሌላው መሣሪያ ይዞ ይጠረጥረዋል፤ ደላላው በስደት መንገድ ይጎትተዋል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ልጁን ለራሱ ብሎ የሚጠራው፣ ከአንድ ሰዓት ሩጫ በኋላ አድክሞ በሰላም ወደ እናቱ ቤት የሚመልሰው አንድ ሜዳ ብቻ ነው። በ1982 ዓ.ም. የፊጣን እኩዮች ያፈሰው መንግሥት ወጣቱን እንደ ጥይት ቆጥሮት ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡትም ወጣቱን በድምፅ፣ በሰልፍ ወይም በስጋት ነው የቆጠሩት። ልጅ ብሎ የሚቆጥረው መንግሥት ይመጣ ዘንድ እመኛለሁ፤ መምጣቱንም የማውቀው በትምህርት ቤቱ አጥር ውስጥ ሜዳው ሙሉ ሆኖ ሳገኘው ነው።

ቸር እንሰንብት።